ዲቪዲው የእናንተ ነው፣ ማሳየቱ ግን?

አራት ኪሎም ይሁን ስድስት ኪሎ፣ ለአንባቢዎቹ ፊልም ላሳይ የሚል የላይብረሪ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ፕሮጀክተሩ ነው። ፈቃዱ ትዝ የሚለው ፖስተሩ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«ገዝተነዋል እኮ!» አዎ፣ ቅጂውን ገዝታችኋል። በአዳራሽ የማሳየት መብት ግን አብሮ አይመጣም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ለሕዝብ ማሳየትን ከባለመብቱ መብቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅ አልፎ ሌላ ሰው የሚገባበት ቦታ ደግሞ ሕዝብ ያለበት ቦታ ነው።

«ትኬት አልሸጥንም።» አይሠራም። በነጻ ማሳየትም ማሳየት ነው። በግል የኔትፍሊክስ አካውንት ማሳየትም ያው ነው፤ ኔትፍሊክስ ለትምህርት እንዲታዩ የሚፈቅዳቸው አንዳንድ የራሱ ዘጋቢ ፊልሞች አሉት፣ ስለዚህ ያሰባችሁት ፊልም ከነሱ አንዱ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

«ዳይሬክተሩን አውቀዋለሁ፣ ደውዬ እሺ ብሎኛል።» ይሄኛው የኛ አገር በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መብቱ ያለው ፕሮዲውሰሩ ጋ ነው፣ አንዳንዴም ለአከፋፋይ ተላልፏል። ዳይሬክተሩ በቅንነት እሺ ቢላችሁም የሌላ ሰው ንብረት ነው የፈቀደላችሁ። ማን እንደያዘው ጠይቁ፣ ከዚያ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ባይሆን አጭር ኢሜይል ይበቃል።

ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ ካላንደሩ ነው። ከውጭ የተገዛ ፈቃድ ጁን 30 ቀን 2026 ያበቃል እንበል። መዝገብ የሚይዘው ልጅ የበጀት ዓመት መዝጊያ ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለ «ሰኔ 30» ብሎ ይጽፋል፣ ማንም ልብ አይለውም። ጁን 30 ግን ሰኔ 23 ቀን 2018 ነው! አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ፈቃድ ልታሳዩ ትችላላችሁ ማለት ነው፣ ያውም ለእድሳት ክፍያ ፋይናንስ ቢሮ በር ላይ በምትሰለፉበት ሳምንት። 05/06/2026 ተብሎ የተጻፈ ቀንማ ጭራሽ አይታመንም፤ አሜሪካዊው ሜይ 6 ማለቱ ነው፣ አውሮፓዊው ጁን 5። ወሩን በፊደል ጻፉት፣ በሁለቱም ካላንደር።

ሌላው ደግሞ ውሉ የአንድ ሠራተኛ ኢሜይል ውስጥ መቅረቱ ነው። ሰውየው ሥራ ሲቀይር ፈቃዱም አብሮት ይሄዳል። ኮሃ የሚባለውን የላይብረሪ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የአጠቃቀም ሁኔታ የሚጻፍበት 540 የሚባል ፊልድ አለ፣ እዚያው ፊልሙ መዝገብ ላይ አስገቡት። ኮሃ ከሌለ ኤክሴል ይበቃል፦ ማን ፈቀደ፣ ለየትኛው ቦታ፣ ለስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ፣ ውሉ የት ተቀመጠ።

«ለየትኛው ቦታ» የሚለውን እንዳትዘሉት። ለአዳራሽ የተሰጠ ፈቃድ ለክፍል ወይም ለቅርንጫፍ ላይሠራ ይችላል። ቴሌግራም ቻናል ላይ መጫንማ ሌላ ፈቃድ ነው የሚጠይቀው፣ ለአባላት ብቻ ነው ብትሉም።