ስለ ሞሪስ ግሪን ሲጻፍም ሆነ ሥራዎቹ ሲዘመሩ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሞሪስ ግሪን በ1696 ለንደን ውስጥ ከቄስ ቤት ተወለደ። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በልጅነቱ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዘመረ፣ እዚያው ከኦርጋን ተጫዋቹ ከሪቻርድ ብራይንድ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፣ መምህሩ በ1718 ሲሞትም ወንበሩን ተረከበ። በ1727 የንጉሡ ጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ፣ በ1730 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ፕሮፌሰር፣ በ1735 ደግሞ የንጉሡ ሙዚቀኞች አለቃ ሆነ። ከዚህ በላይ የሚሾምበት ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ ስሙ ሲነሣ ከሚነገረው ብዙው ወይ ግማሽ እውነት ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ይህን ያህል ጥሩ ሙዚቃ የጻፈ ሰው እንዲህ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

ዋናው ስህተት ግሪንን በሃንደል መለካት ነው

ሁለቱ መጀመሪያ ወዳጆች ነበሩ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃንደል ለንደን ከገባ በኋላ የቅዱስ ጳውሎስን ኦርጋን እጅግ ወደደው። በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ትረካዎች እንደሚሉት ከቀትር በኋላ ጸሎቱ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ሃንደልና ወጣቱ ግሪን ውስጥ ሆነው በሩ ይቆለፍባቸዋል። በጋ ከሆነ ሃንደል ልብሱን አውልቆ በሸሚዝ ብቻ ይቀመጥና እስኪመሽ ይጫወታል፤ ግሪን ደግሞ ከኋላ ሆኖ ለኦርጋኑ ቧንቧዎች ነፋስ የሚልከውን ወናፍ ይነፋል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግሪንን ለማሳነስ ነው፤ ወናፍ ነፊው አንዱ፣ ሊቁ ሌላው ተደርጎ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንፊያ ባልነበረበት ዘመን ካለ ወናፍ ነፊ ኦርጋን ድምፅ የለውም። አንድ ወጣት ሙዚቀኛ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱን በቅርብ ለማድመጥ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም ነበር። ጉልበቱን ሰጠ፣ ጆሮውን አስተማረ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ወዳጅነቱ በኋላ ፈረሰ። ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው ግሪን ከሃንደል ተቀናቃኝ ከጣሊያናዊው ጆቫኒ ቦኖንቺኒ ጋርም መወዳጀቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ግሪን የተጻፈውን ስናነብ ማን እንደጻፈው መጠየቅ ይገባል። ዋነኞቹ ምንጮቻችን ጆን ሆኪንስና ቻርልስ በርኒ የጻፏቸው የሙዚቃ ታሪኮች ናቸው። የሁለቱም መታተም የጀመረው በ1776 ነው፤ ግሪን ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎት፣ የሃንደልም ስም በእንግሊዝ እንደ ቅዱስ ስም ይጠራ በነበረበት ጊዜ።

«ግሪን ሃንደልን ሲከተል የኖረ ሰው ነው» የሚለው ፍርድ ሲመረመር ይላላል። ሃንደል በ1732 የእንግሊዝኛ ኦራቶሪዮ (ካለ ትወና በዘማሪዎችና በመሣሪያ የሚቀርብ የመንፈሳዊ ታሪክ ዜማ) ለለንደን ሕዝብ በማቅረብ መንገዱን መክፈቱ እውነት ነው። ነገር ግን ግሪን ስለ ዲቦራና ባርቅ መዝሙር የጻፈው ኦራቶሪዮ የ1732 ሥራ ሲሆን የሃንደል «ዲቦራ» የቀረበው በመጋቢት 1733 ነው። የግሪን «ዮፍታሔ» በ1737 ተጽፏል፤ የሃንደል «ዮፍታሔ» እስከ 1752 አልተሰማም። የሃንደል «ዮፍታሔ» ታላቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁንና በ15 ዓመት የቀደመን ሰው ተከታይ ማለት አይቻልም።

ስለ ዘውድ በዓሉም እንዲሁ ነው። የንጉሡ ጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ዊልያም ክሮፍት በነሐሴ 1727 ሞተ፣ ግሪን በመስከረም በቦታው ተሾመ፣ ዳግማዊ ጆርጅ በጥቅምት 11 ዘውድ ጫነ። ለበዓሉ አራት መዝሙሮችን የጻፈው ግን ሃንደል ነው፤ ከእነሱ አንዱ፣ «ካህኑ ሳዶቅ»፣ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ ነገሥታት የዘውድ በዓል ሁሉ ተዘምሯል። ከዚህ ተነሥቶ «ግሪን ስለማይችል ተገፋ» ብሎ መጻፍ ትርጉም የለውም። ገና ከተሾመ ስድስት ሳምንት ያልሞላው ሰው ነበር፤ ሃንደል ደግሞ የንጉሡ ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ደራሲ።

ሙዚቃ ሰራቂ ማድረግ

ግሪን በ1720ዎቹ መጨረሻ በለንደኑ የጥንት ሙዚቃ አካዳሚ ውስጥ የቦኖንቺኒ ነው ያለውን አንድ ማድሪጋል (ለተለያዩ ድምፆች የተጻፈ ዓለማዊ ዜማ) አቀረበ። በ1731 ግን ይኸው ሥራ ቬኒስ ውስጥ በ1705 በታተመ የሌላ ጣሊያናዊ ደራሲ፣ የአንቶኒዮ ሎቲ፣ መጽሐፍ ውስጥ ተገኘ። አካዳሚው ለሎቲ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሎቲም ሥራው የእርሱ መሆኑን አረጋገጠ። የቦኖንቺኒ ስም በለንደን ተበላሸ። በጉዳዩ ውስጥ ግሪን ያጠፋው ወዳጁን ማመኑና በኋላም አለመክዳቱ ነው፤ ማድሪጋሉን የራሴ ነው ብሎ አያውቅም።

ግሪን አካዳሚውን ትቶ የቅዱስ ጳውሎስን ልጆች ይዞ ወጣና በፍሊት ጎዳና «ሰይጣን» በሚባል መጠጥ ቤት፣ አፖሎ በተባለው አዳራሽ፣ የራሱን የሙዚቃ ማኅበር አቋቋመ። ሃንደል «ዶክተር ግሪን ወደ ሰይጣን ሄደ» ብሎ ቀለደ ይባላል። ቀልዱ እስከ ዛሬ ሲጠቀስ በዚያው ማኅበር ውስጥ የቀረበው ሙዚቃ ግን ተረሳ።

የሹመቶቹን ቦታ ማደባለቅ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ነው፤ የለንደን ጳጳስ መንበር። ዌስትሚንስተር አቢ ካቴድራል አይደለም፣ ግሪንም ኦርጋን ተጫዋቹ አልነበረም። የንጉሡ ጸሎት ቤት ሲባል ደግሞ ከሕንፃ ይልቅ ንጉሡን የሚያገለግሉ ካህናትና መዘምራን ጉባኤ ማለት ነው። የንጉሡ ሙዚቀኞች አለቃነት ከቤተ ክርስቲያን ጋር የማይገናኝ የቤተ መንግሥት ሥራ ነበር፤ ዋናው ግዴታው ለአዲስ ዓመትና ለንጉሡ ልደት የምስጋና ዝማሬ መድረስ ነው። ግጥሙን የሚሰጠው የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ኮሊ ሲበር ነበር፣ ግጥሞቹም በዘመኑ ሰው ዘንድ መሳለቂያ ነበሩ። እነዚያን ዝማሬዎች በቃሉ ድክመት ምክንያት ሳያደምጡ መጣል ለግሪን አይገባውም።

የቤተ ክርስቲያን ሰው ብቻ አድርጎ መያዝ

በ1739 ግሪን ከባለቅኔው ከኤድመንድ ስፔንሰር የፍቅር ሶኔቶች (ባለ 14 ስንኝ ግጥሞች) 25ቱን ለአንድ ድምፅ አዘጋጅቶ አሳተመ። የአንድ ባለቅኔ ግጥሞች ተከታትለው በዜማ ሲወጡ በእንግሊዝ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፣ በእኔ ሚዛን ደግሞ ከሥራዎቹ ሁሉ በግልጽ ልቡን የሚያሳይበት። «ፍሎሪሜል» እና «ፊቢ» የተባሉ የእረኞች ድራማዎችም አሉት። የካቴድራል ደራሲ ስለሆነ በመዝሙር ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ግማሹን ሰው ነው የሚያውቁት።

ዓመተ ምሕረቱን እንደተጻፈ መቀበል

እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው አቆጣጠር ትሠራ ነበር፤ በሕግ አዲስ ዓመት የሚብተው በመጋቢት 25 ነው። በዚያ ዓመት ከመስከረም 2 ቀጥሎ መስከረም 14 ተቆጠረና 11 ቀን ተዘለለ። ሰባትና ስምንት ዓመት እያቀነስን ለምንኖር ለእኛ ይህ ግር የሚል ነገር አይደለም፤ ግን ካልተጠነቀቁ ታሪክ ይገለብጣል። ከላይ ያነሣሁት የሃንደል «ዲቦራ» የቀረበው በእኛ ዘመን አጻጻፍ መጋቢት 17 ቀን 1733 ነው። በአሮጌው አጻጻፍ ግን አዲሱ ዓመት ገና ስላልገባ 1732 ነው። ይህን ሳያውቅ የድሮ ወረቀት ያነበበ ሰው ሃንደል በ1732 መጀመሪያ ላይ እንደቀደመና ግሪን እንደተከተለው ሊደመድም ይችላል። ከጥር 1 እስከ መጋቢት 24 ያለ ቀን ባገኙ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመርምሩ።

መዝሙሮቹን በጎታታ ፍጥነት መዘመር

አሁን ወደምወደው ነገር ደረስኩ። በ1743 ግሪን «አርባ የተመረጡ አንቴሞች» የሚለውን ስብስብ በሁለት ቅጽ አወጣ። አንቴም ምእመናን በጋራ የሚዘምሩት መዝሙር አይደለም፤ የሠለጠኑ መዘምራን በጸሎት መካከል የሚያቀርቡት፣ ቃሉ በብዛት ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚወሰድ የተቀናጀ ዜማ ነው። በስብስቡ ውስጥ ከአንድ እስከ ስምንት ድምፅ ያላቸው አሉ። ብዙዎቹ ለነጠላ ድምፆች የተጻፉ ረጃጅም ክፍሎች አሏቸው፤ እነዚያን ክፍሎች መዘምራኑ ሁሉ በአንድነት እንዲዘምሩ ማድረግ ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ ነው። ደራሲው አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል ጌጥ ጽፏል፤ ሃያ ሰው ሲዘምረው ጌጡ ይደበዝዛል።

ከሁሉም የታወቀው «አቤቱ፣ ፍጻሜዬን አስታውቀኝ» የሚለው ነው። ቃሉ ከመዝሙር 39 ነው፤ የግዕዙን ዳዊት የሚከፍቱ ግን በ38 ያገኙታል። በዚህ ሥራ ኦርጋኑ የሚይዘው የታችኛው ድምፅ፣ ቤዙ፣ እኩል በሆነ እርምጃ ይነሣል፤ ከላይ ያሉት ድምፆች ቢለምኑም ቢያለቅሱም እርምጃውን አይለውጥም። አምስቱ ድምፆች አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ ይገባሉ። መካከል ላይ ሁለት የልጆች ድምፆች ብቻቸውን «ሰው እንደ ጥላ ይመላለሳል» የሚለውን እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ከሥራቸው ያው እርምጃ ይቀጥላል። የሙዚቃው ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የቀኑን ቁጥር ሲጠይቅ ቀኑ እየተቆጠረ ነው።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚመራ ሰው የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ቃሉ ያሳዝናል ብሎ ፍጥነቱን መጎተት፣ በየሐረጉ መጨረሻ ላይም መቆም ነው። ቤዙ ቆመ ማለት ሥራው ፈረሰ ማለት ነው። ኀዘኑን ደራሲው በድምፆቹ ግጭት ውስጥ አስቀምጦታል፣ ዘማሪው ከላይ መጨመር የለበትም። ልምምዱን ኦርጋንና የቤዝ ዘማሪዎች ብቻቸውን ከዳር እስከ ዳር ሳይቆሙ እንዲሄዱት በማድረግ ቢጀምሩ ጥሩ ነው፤ ሌሎቹ ድምፆች ከዚያ በኋላ ይገባሉ።

ፔዳል በሌለበት ፔዳል መፈለግ

የኦርጋን ሥራዎቹን የሚጫወቱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከጀርመናዊው የኦርጋን ሊቅ ከባኽ የተማሩትን ይዘው ይመጣሉ። በግሪን ዘመን አብዛኞቹ የእንግሊዝ ኦርጋኖች ለእግር የሚሆን ፔዳል አልነበራቸውም፤ ካለም ጥቂት ነበር። በቅዱስ ጳውሎስ በርናርድ ስሚዝ በ1690ዎቹ በሠራው ኦርጋን ላይ በኋላ ፔዳል ተጨመረ፤ ሃንደልንም ወደዚያ የሳበው አንዱ ነገር እርሱ ነው ይባላል። ይህ ግን እንግዳ ነገር ስለነበረ ነው የተወራለት። ቮለንታሪ የሚባለው የእንግሊዞች የኦርጋን ሥራ በተለምዶ በለሰለሱ ቧንቧዎች በቀስታ ይከፈታል፣ ከዚያ የመለከት ወይም የኮርኔት ድምፅ ብቻውን በፍጥነት ይሮጣል። ግራ እጅ የያዘውን በእግር ማባዛትና ሁሉንም ቧንቧ መክፈት ያን ብርሃን ያጠፋዋል።

የቦይስን ሥራ የቦይስ ብቻ ማድረግ፣ የሌላውን ሥራ ደግሞ ለግሪን መስጠት

በካቴድራሎች የድሮ መዝሙራት የሚገኙት በእጅ በተገለበጡ የየድምፁ መጻሕፍት ነበር፤ ሶፕራኖው (ከፍተኛው ድምፅ) የራሱን፣ ቤዙ የራሱን ብቻ ነው የሚያየው። በየትውልዱ የተገለበጠ ስህተት ይከማቻል። ግሪን በ1750 ኤሴክስ ውስጥ ርስት ከወረሰ በኋላ ገንዘብና ጊዜ ስላገኘ እነዚህን ሥራዎች ሰብስቦ፣ አርሞ፣ ድምፆቹን ሁሉ በአንድ ገጽ አሰልፎ ለማሳተም ተነሣ። ሳይጨርሰው በታኅሣሥ 1755 ሞተ፤ የሰበሰበውንም ለተማሪው ለዊልያም ቦይስ ተናዘዘ። ቦይስ በ1760፣ በ1768 እና በ1773 በሦስት ቅጽ «የካቴድራል ሙዚቃ» ብሎ አወጣው። መጽሐፉ ሲጠቀስ የግሪን ስም መቅረቱ ልክ አይደለም።

በተቃራኒው ከሞተ በኋላ አሳታሚዎች ስሙን ከሌሎች ጋር ደርድረው የኦርጋን ቮለንታሪ ስብስቦች ሸጡ፤ በ1767 የወጣው የ10 ቮለንታሪ ስብስብ ሽፋን ላይ ስሙ ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር ሰፍሯል። እንዲህ ካለ መጽሐፍ ማንኛውንም ገጽ ገልጦ «የግሪን ነው» ብሎ ፕሮግራም ላይ ማስፈር አይገባም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦርጋን ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ግሪንም ሌላ ሰው ነው። ግሪንን ከራሱ እጅ ለመስማት የሚፈልግ ሰው እርሱ በሕይወቱ ካሳተማቸው ይጀምር፤ መጀመሪያ የ1743ቱን አንቴሞች፣ ቀጥሎ የ1739ኙን ሶኔቶች።