ኒሙን ቀላቀልን፣ ነቀዙ ግን አልቀረም

ነቀዝ እንዲከላከል ብላችሁ የኒም ዛፍ ቅጠል ወይም ዘር ዱቄት ከበቆሎው ጋር ቀላቅላችሁ ጆንያውን አሰራችሁ። ከወር በኋላ ስትፈቱት ነቀዝ ይርመሰመሳል። «ኒም ውሸት ነው» ከማለታችሁ በፊት ደህና የሚመስል አንድ ፍሬ አንስታችሁ ለሁለት ሰንጥቁ። ውስጡ ነጭ ትል ልታገኙ ትችላላችሁ።

እንስቷ ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው እየበላ ያድጋል። በሞቃት አገር 5 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ዱቄት ደግሞ ፍሬ ውስጥ አይገባም። ነቀዝ ጎተራ እስኪገባ አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ ከማሳው ጀምሮ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ በቆሎውን ሸራ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፣ ንፉት፣ ከዚያ ቀላቅሉ። በ5ኛው ሳምንት ፍቱና እዩ። የወጣ ካለ እንደገና ነፍታችሁ ዱቄት ጨምሩ።

ነቀዙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም ካልመሰለው ጥፋቱ ዱቄቱ ላይ ነው። ቅጠሉን የት አደረቃችሁት? የኒምን ኃይል ፀሐይ ይገድለዋል፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። እኔ ከቅጠሉ ዘሩን እመርጣለሁ፣ ይበረታል። ለ1 ኩንታል ከ1 እስከ 2 ኪሎ የዘር ዱቄት ያስፈልጋል። እፍኝ ከላይ ነስንሶ መሄድ ለወጉ ያህል ነው። በደንብ ደቆ ይነፋ፣ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪነካው ድረስ ይገላበጥ።

እጃችሁን ጆንያው ውስጥ ስትከቱ ሞቅ ካላችሁ ወይም ሻጋታ ከሸተተ፣ እህሉ ሳይደርቅ ገብቷል። ለዚህ ዱቄት አይረዳም። ሲገባ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ መነቅነቅ ነበረባችሁ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው። የሻገተውን ለላምም አትስጡ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በወተቱ ይመጣል።

ሽምብራ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ የነቀዝ እንቁላል ነው። ዘግይታችኋል። ለከርሞ ከአውድማ እንደገባ ቀላቅሉ።

ቂጣው መረረ? ከወፍጮ በፊት አበጥሩ፣ እጠቡ፣ መልሳችሁ አድርቁ። በኒም ፋንታ እንዶድ ልትቀላቅሉ ካሰባችሁ ግን መርዝ ስለሆነ ለሚበላ እህል አይሆንም። ለሚዘራ እህል ከተጠቀማችሁበት ጆንያው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ያለዚያ ማታ በጨለማ ለወፍጮ የሚሰፍር ሰው ለይቶ አያውቀውም።