ለሥራም ለልምምድም የሚመች የአስፋልት ሳይክል እንዴት ይመረጣል? ለድሬና ለሐረር መንገድ

የመጀመሪያ ኮርሳ ሳይክሌን የመረጥኩት በዓይኔ ነበር። ቀይ ነው፣ ቀጭን ነው፣ በሁለት ጣት ይነሳል። ከሳቢያን ከዚራ ለሥራ ስመላለስበት ግን አንገቴ ይደርቅ ጀመር። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይደነዝዛሉ። እሁድ ለልምምድ ስወጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወገቤን ይዤ እወርዳለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ችግሩ የኔ አቅም ማነስ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ሳይክል የሚጠግኑ አባት ገና ከሩቅ ስመጣ አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሳይክል እኮ ያንተ ልክ አይደለም» አሉኝ። ሜትር አላወጡም። አቀማመጤን ብቻ ነው ያዩት። ይህን የምጽፈው እናንተ ያን ስድስት ወር እንዳትደግሙት ነው።

የአስፋልት ሳይክል ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ለውድድር የተሠራ ነው፤ መሪው ዝቅ ይላል፣ ጀርባ ይጎብጣል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱ የሚቀመጥበት አቀማመጥ የዓመታት ልምምድ ውጤት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ኢንዱራንስ ይባላል። መሪው ከፍ ይላል፣ ከመቀመጫው ብዙም አይርቅም፣ ሰፋ ያለ ጎማም ይይዛል። ስፔሻላይዝድ የተባለው የሳይክል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሩቤ ስሙን ያገኘው በድንጋይ ንጣፍ መንገዱ ከሚታወቀው የፓሪስ-ሩቤ ውድድር ነው። የትሬክ ዶማኔ፣ የጃያንት ዲፋይና የካኖንዴል ሲናፕስም ከዚሁ ወገን ናቸው። ለድንጋይ ንጣፍ የታሰበ ሳይክል ኮብል ለበዛበት ከተማ እንዴት እንደሚስማማ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

1. መጀመሪያ መንገዳችሁን መዝግቡ

ሳይክል ከማየታችሁ በፊት አንድ ሳምንት የምትሄዱበትን ሁሉ ጻፉ። ከየት ወደ የት? ስንት ኪሎ ሜትር? አስፋልት ነው፣ ኮብል ነው፣ አሸዋ ነው? ምን ትሸከማላችሁ?

ድሬ ላይ ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የከተማው ነው። ከዚራ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ በመስመር የተቀየሰ ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ የዛፍ ጥላም አለው። ደቻቱን ተሻግራችሁ ወደ መጋላ ስትገቡ ግን ሰውም ባጃጅም ይበዛል፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላም መንገዱ ላይ አሸዋ ይቀራል። ሁለተኛው ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደው ነው። በአብዛኛው ለጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ልምምድ ከሱ የተሻለ አላውቅም። ሦስተኛው የደንገጎ ዳገት ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደንገጎ ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ላይ ናችሁ። ያ ዳገት ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን የምታስቡትን ሁሉ ይለውጠዋል።

ሐረር የምትኖሩ ደግሞ አየሩ ይመቻችኋል፣ ግን ከቤት እንደወጣችሁ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ቀላል ማርሽ ለእናንተ ይበልጥ ግድ ነው።

2. ራሳችሁን ለኩ

ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ የዘለልኩት እሱን ነው።

ጫማ አውልቁና ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መሃል አስገቡና ኮርቻ ላይ እንደተቀመጣችሁ ያህል ወደ ላይ ጠበቅ አድርጉት። ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ያለውን ሰው ይለካላችሁ። ይህ የእግራችሁ የውስጥ ርዝመት ነው። በ0.883 አባዙት። የሚመጣው ቁጥር ከፔዳሉ እምብርት፣ ማለትም ሁለቱ የፔዳል ክንዶች ከሚዞሩበት መሃል፣ እስከ መቀመጫው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። እግራችሁ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። መነሻ ነው እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ በኋላ ትንሽ ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ።

የፍሬም ቁጥር የሚባለው 50፣ 52፣ 54፣ 56 እያለ ይሄዳል። ቁመቱ 1.70 ሜትር ገደማ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ 52 ወይም 54 ይሆነዋል። የአንዱ ፋብሪካ 54 ግን ከሌላው 54 ጋር እኩል አይደለም። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፤ ስታክ እና ሪች። ስታክ መሪው የሚያርፍበት ቦታ ከፔዳሉ እምብርት በላይ ስንት ከፍ እንደሚል ይናገራል። ሪች ደግሞ ወደ ፊት ስንት እንደሚርቅ። ስታኩን ለሪቹ አካፍሉ። 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀና ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። 1.4 አካባቢ ከሆነ የውድድር ሳይክል ነው፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ።

በሁለት ቁጥር መሃል ከሆናችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትንሽ ሳይክል መሪ ያዡን፣ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘውን ብረት፣ በማስረዘም ይስተካከላል። ትልቅ ሳይክል የሚያጥርበት መንገድ ጠባብ ነው።

3. ጎማው ላይ አትቸኩሉ

ሰው ስለ ፍሬም ክብደት ብዙ ይጨነቃል። ምቾት ግን በብዛት የሚመጣው ከጎማ ነው። የኔ ቀይ ሳይክል 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ነበረው። ሌላ ጎማ ላስገባ ብል ፍሬሙ ቦታ የለውም። ኮብል ላይ እያንዳንዷ ድንጋይ ትሰማኝ ነበር።

ለኛ መንገድ 32 ሚሊ ሜትር ጥሩ መሃል ነው። 28 ለአስፋልት ብቻ ይበቃል። ኮብልና ኮረኮንች ለሚበዛበት 35 ቢሆን አይከፋም። ሳይክሉን ስታዩ በጎማውና በፍሬሙ መሃል ያለውን ክፍተት ለኩ። በሁለቱም ጎን ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካልቀረ ጠባብ ነው፤ አሸዋና ጭቃ እየገባ ፍሬሙን ይልጠዋል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ 32-622 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። 622 የሚለው ለአስፋልት ሳይክል ቸርኬ ልክ መሆኑን ያሳያል።

ንፋሱስ? ብዙ ሰው ጎማው ድንጋይ እስኪሆን ይነፋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ32 ጎማ ከ55 እስከ 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። ከፊት ትንሽ ይነስ፣ ከኋላ ትንሽ ይብለጥ። ከዚያ በላይ ስትነፉት መንቀጥቀጥ እንጂ ፍጥነት አትጨምሩም።

እዚህ ላይ አንድ የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። አብዛኛው የአስፋልት ሳይክል ቫልቭ ቀጭኑ ፕሬስታ ነው። የጎሚስታው መንፊያ አይገጥመውም። አንዲት ትንሽ የነሐስ መጋጠሚያ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ደህናው ጎሚስታ ፊት ቆማችሁ ትቸገራላችሁ። መጋጠሚያውን እዚያው ቫልቩ ላይ አስራችሁ ተዉት። ሲነፉላችሁም አጠገቡ ቁሙ። ለመኪና የተሠራ ኮምፕሬሰር የሳይክል ጎማን በሴኮንዶች ያፈነዳል።

የውስጥ ጎማ የሌለው ቲዩብለስ የሚባል ዓይነት አለ። ውስጡ በሚጨመር ፈሳሽ ነው ቀዳዳውን የሚደፍነው። በድሬ ሙቀት ፈሳሹ ቶሎ ይደርቃል፣ በየጊዜው መጨመርም ይፈልጋል። የግራር እሾህ ለሚበዛበት አገር ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ፈሳሹን የሚያመጣላችሁ ሰው ከሌለ እሾህ የሚከላከል ሽፋን ያለው ጎማና ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ ይሻላችኋል።

4. ማርሽና ፍሬን፦ ደንገጎን አስቡ

ከፊት 50 እና 34 ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁ 34 ጥርስ ያለውን ፈልጉ። 34 ለ 34 ሲሆን ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሩ ጎማው አንድ ዙር ይሄዳል፤ ሁለት ሜትር ከአሥር ገደማ ማለት ነው። በድሮው የውድድር ማርሽ፣ 39 ለ 25፣ በአንድ ዙር ከሦስት ሜትር በላይ መግፋት አለባችሁ። ለጠንካራ ሰው ችግር የለውም። ለሥራ የሚሄድ ሰው ግን ጉልበቱን ይጨርሳል። የማርሽና የፍሬን አምራቹ ሺማኖ ከታች ወደ ላይ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105 እያለ ደረጃ አለው። ሶራና ቲያግራ ለአብዛኛው ሰው ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ።

ፍሬን ዲስክ ቢሆን እመርጣለሁ። የደንገጎ ቁልቁለት ረጅም ነው፣ ከአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙም ከኋላ ይበራል። በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ማንም መካኒክ ያስተካክለዋል። በዘይት የሚሠራው ይበልጥ ይይዛል፣ ነገር ግን ዘይቱን ለዩ። የሺማኖ ፍሬን የማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀመው። መካኒክ በቅንነት የመኪና ፍሬን ዘይት ቢጨምርበት ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ።

ፓራፋንጎና ፖርቶመጋላ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ መኖሩንም እዩ። በድሬ ሙቀት ቦርሳ ጀርባ ላይ አዝሎ ሥራ ቦታ መድረስ ሸሚዝ መቀየር ማለት ነው።

ስለ ፍሬሙ ብረት አጭር ልበል። ጥሩ አልሙኒየም ከካርቦን ሹካ ጋር ከሆነ ይበቃል። ያገለገለ የካርቦን ፍሬም ወድቆ እንደሆነ በዓይን ለማወቅ ስለሚከብድ ከማታውቁት ሰው አትግዙ።

5. ስትገዙ

ብዙዎቻችን ያገለገለ ነው የምንገዛው፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ሲመጣ እናስመጣለን። ለዘመድ ስትናገሩ «ጥሩ ሳይክል አምጡልኝ» አትበሉ። ሞዴሉን፣ የፍሬም ቁጥሩን፣ የጎማውን ስፋት ጽፋችሁ ላኩ። የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርበትን ትንሽ ብረት፣ ሃንገር የሚሉትን፣ ሁለት ትርፍ ያምጡላችሁ። ለየሞዴሉ የተለየ ነው። ከተጣመመ ሳይክሉ ይቆማል፣ እዚህ መተኪያውን ማግኘትም ከባድ ነው።

ያገለገለ ስታዩ ቀን በብርሃን እዩ። ሳይክሉን ገልብጡና ጎማዎቹን አሽከርክሩ፤ ቸርኬው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል? የፊት ፍሬን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ መሪው ሥር ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። የፔዳሉን ክንድ ወደ ጎን ነቅንቁ። መሪው ሥርና ፔዳሉ አካባቢ ቀለም የተሰነጠቀበት ካለ ተዉት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ። ከዚያ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንዱት። ሁለት ደቂቃ ሰፈር ውስጥ መዞር ምንም አይነግራችሁም። ሻጩ እንዳይሰጋ መታወቂያ አስይዙና ኮብል ያለበት መንገድ ግቡ።

6. ቤት ሲገባ አስተካክሉት

መቀመጫውን ቅድም ባገኛችሁት ቁጥር ልክ አድርጉ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ስታወርዱት እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። በተለመደው የእግር አቀማመጥ ስትነዱ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል። ዳሌ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ከፍ ብሏል። ከጉልበት ፊት ለፊት ካመማችሁ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

የእጅ መደንዘዝ፣ በተለይ የቀለበትና የትንሿ ጣት፣ ክብደት እጅ ላይ ሲበዛ መዳፍ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ስለሚጫን ነው። መቀመጫው አፍንጫው ወደ ታች ማጋደሉን እዩ፤ ጠፍጣፋ ይሁን። መሪ ያዡ ረጅም ከሆነ በ1 ወይም በ2 ሴንቲ ሜትር በሚያጥር ቀይሩት። እንደ ፍሬም ውድ ዕቃ አይደለም።

መቀመጫ የግል ነገር ነው። ወፍራምና ለስላሳው ለአጭር መንገድ ይመቻል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሆን ግን ይፈትጋል። ካርቶን ጠንካራ ደረጃ ላይ አድርጋችሁ ቁጭ በሉበት። ሁለቱ አጥንቶች የሚተዉትን ምልክት ርቀት ለኩና ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሩ፤ የመቀመጫችሁ ስፋት እሱ ነው። እህቶች ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ መቀመጫና ጠበብ ያለ መሪ ይስማማቸዋል፣ ስለዚህ ወንድም የሚነዳውን ሳይክል እንዳለ አትቀበሉ።

የመጀመሪያውን ወር መልካ ጀብዱ ተመላለሱ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ ፀሐይ ሳትበረታ ተመለሱ። ሁለት የውሃ ኮዳ ያዙ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ በግማሽ ሴንቲ ሜትር። ሁለት ሦስት ቀን ንዱበት፣ ከዚያ ሌላውን ለውጡ። ሰውነታችሁ ዝም ሲል መቀመጫው ዘንግ ላይ ፍሬሙ የሚጀምርበት ቦታ ፕላስተር ጠቅልሉበት። መካኒክ ቤት ሲፈታ ወደዚያው ምልክት ይመልሱላችኋል።