የኢንትሮፒ ኮስሞሎጂና የሃብል ቁጥር ውዝግብ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጽንፈ ዓለም ዛሬ በምን ፍጥነት እየሰፋ ነው? መልሱ የሃብል ቁጥር ይባላል። የፕላንክ ሳተላይት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 በየሜጋፓርሴኩ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት) በሰከንድ 67.4 ኪሎ ሜትር አለ፤ የአዳም ሪስ ቡድን በ2022 ደግሞ 73 ገደማ። ለማስታረቅ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ የኢንትሮፒን፣ ማለትም የአንድ ሥርዓት ውስጣዊ አደረጃጀት በስንት መንገድ ሊሆን እንደሚችል የሚለካውን መጠን፣ ቀመር መቀየር ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ሲወራ ግን ብዙ ይዛባል፤ የተለመዱት ስህተቶች እነሆ።

ሁለቱንም ቁጥሮች በቀጥታ የተለኩ ማድረግ። ሪስ ብርሃናቸው በሚለዋወጥ ሴፊድ ኮከቦችና በሱፐርኖቫዎች (በሚፈነዱ ኮከቦች) ርቀት ለክቶ ነው የደረሰበት። ፕላንክ የለካው ግን ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሳለው የተለቀቀውን ብርሃን ነው። 67.4 የተገኘው ከዚያ ተነስቶ በመደበኛው ሞዴል እስከ ዛሬ በማስላት ነው፤ ሞዴሉ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል።

ኢንትሮፒ ሲባል የተዝረከረከ ክፍል ማሰብ። እዚህ የሚወራው ስለ አድማስ ኢንትሮፒ ነው፤ አድማስ ከወዲያው ብርሃን ሊደርሰን የማይችል ድንበር ነው። ቤከንስታይንና ሆውኪንግ በ1970ዎቹ የጥቁር ጉድጓድ ኢንትሮፒ ከገጹ ስፋት ጋር ተመጣጥኖ እንደሚያድግ አሳዩ። ቴድ ጃኮብሰን በ1995 ከዚህ ዓይነቱ ሕግ ተነስቶ የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት የሚገዙትን የአንስታይንን የስበት እኩልታዎች አወጣ። እንግዲህ የስፋቱ ሕግ ከተነካ የመስፋፋት እኩልታውም ይነካል ማለት ነው። ጆን ባሮው በ2020 የአድማሱ ገጽ ሻካራ ሊሆን ይችላል አለ፤ ሻካራነቱ ዴልታ በተባለ ቁጥር ይገለጻል፣ ዴልታ ዜሮ ሲሆን የቀድሞው ሕግ ይመለሳል።

ቁጥሩ ከፍ ስላለ ችግሩ ተፈታ ማለት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አዲስ ነጻ ቁጥር ሲጨመር የስህተት ወሰኑ ይሰፋል። አንድ ሞዴል 68 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 3 ቢል ከ73 ጋር የተቀራረበ ይመስላል፤ የሰፋው ግን ጥርጣሬው ብቻ ነው። ደግሞም በጥንት ዘመን የድምፅ ሞገድ የተጓዘው ርቀት፣ 147 ሜጋፓርሴክ ገደማ፣ ዛሬም በጋላክሲዎች አሰፋፈር ላይ ይታያል። የቅርቡን ዘመን ብቻ የሚቀይር ሞዴል ይህን ርቀት አይነካውም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ወደ 73 ሲጎትት ከጋላክሲዎቹ ልኬት ጋር ይጋጫል። ዴልታንም እንደልብ ማሳደግ አይቻልም፦ ባሮው ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ስሌት፣ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተረፈው የሂሊየም መጠን ዴልታን ከ0.00014 ገደማ በታች ይገድባታል።

ጊዜው ያለፈበትን ልዩነት መጥቀስ። የቁስ መከማቸትን የሚለካው ኤስ 8 ሌላ ውዝግብ ነበር። በ2025 የወጣው፣ ጋላክሲዎችን የሚቃኘው የኪድስ ጥናት የመጨረሻ ትንታኔ ግን ከፕላንክ ጋር ተስማምቷል። አዲስ ሞዴል የድሮውን የኤስ 8 ልዩነት ለድጋፍ ከጠቀሰ፣ በየትኛው ዓመት መረጃ እንደተሠራ እዩ።