የጥንት ተማሪ ልጃገረዶችን ጥልፍ ይዘው የቤተሰብ ታሪክ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያና በአሜሪካ ትምህርት ቤት የገቡ ልጃገረዶች ፊደልን፣ ቁጥርንና የመርፌ ሥራን በአንድነት ይማሩ የነበረው ሳምፕለር በሚባለው የጥልፍ መለማመጃ ጨርቅ ላይ ነበር። ልጅቱ ሥራውን ስትጨርስ ብዙ ጊዜ ስሟን፣ ዕድሜዋንና ዓመቱን በክር ትጽፍበታለች። ስለ ሴቶች እምብዛም ሰነድ በማይጻፍበት በዚያ ዘመን ይህ ጨርቅ የብዙዎቹ ብቸኛ የእጅ ጽሑፍ ሊሆን ስለሚችል፣ በችኮላ ማንበብ እነርሱን መበደል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ስሙን አንብቦ በቀጥታ ወደ ጥምቀት መዝገብ መሮጥና መጀመሪያ የተገኘችውን ሞክሼ የጥልፉ ባለቤት ማድረግ ነው። ሜሪና ኤሊዛቤት የሚባሉ ልጆች በየደብሩ ስለነበሩ፣ ስሙ ከቦታ፣ ከዕድሜና ከቤተሰብ ጋር ሳይገናኝ ማስረጃ አይሆንም። በተጨማሪም ጨርቁ ላይ ያለ ስም ሁሉ የጠላፊዋ አይደለም። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውና ዓመት ከተጻፈባቸው የብሪታንያ ሳምፕለሮች ቀዳሚ የሆነው የ1598 ሥራ የጄን ቦስቶክ ስም ተጠልፎበታል፤ ነገር ግን የሚመዘግበው አሊስ ሊ የተባለች ሕፃን በኖቬምበር 23 ቀን 1596 መወለዷን ነው። ሁለቱን ስሞች ሳይለይ የሚያነብ ሰው የሕፃኗን ልደት ለጠላፊዋ ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛው፣ በአበቦቹና በወፎቹ መካከል የተሰገሰጉትን ጥንድ ጥንድ ፊደላት እንደ ጌጥ ቆጥሮ ማለፍ ነው። በተለይ በስኮትላንድ ልጃገረዶች የአባትና የእናታቸውን፣ የወንድምና የእኅቶቻቸውን፣ አንዳንዴም የአያቶቻቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደላት በተርታ ይጠልፉ ነበር፤ በጥቁር ክር የተጠለፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞቱትን ያመለክታሉ። «አር ኤም» ከሚለው የአባት ስም አጠገብ «ኢ ኬ» የሚል ቢገኝ፣ የቤተሰብ ስሟ ፊደል ስለተለየ ብቻ ሁለተኛዋ ባዕድ ናት ማለት አይደለም፤ የስኮትላንድ ሴት ካገባች በኋላም በአባቷ ቤተሰብ ስም ትጠራ ስለነበር እናትየዋ ልትሆን ትችላለች። ሴት ስታገባ ስሟን በማትለውጥበት ባህል ላደግን ሰዎች ይህን መረዳት አይከብደንም። እነዚህ ፊደላት ከመዝገቡ ጋር ሲገጥሙ የሚሰጡት ማረጋገጫ ከልጅቱ ስም ይበልጣል፤ ለምሳሌ የስምንት ሰዎች ፊደላት በአጋጣሚ ከሌላ ቤተሰብ ጋር የመግጠማቸው ዕድል እጅግ ጠባብ ነውና።

ዓመትና ዕድሜን በዛሬ ልማድ ማንበብም ብዙዎችን ያሳስታል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ቀን ስለነበር፣ ፌብሩዋሪ 1740 የሚለው ጽሑፍ ዛሬ በምንቆጥረው 1741 ነው፤ ስኮትላንድ ግን ከ1600 ጀምሮ ዓመቱን በጃንዋሪ 1 ትጀምር ነበር። «በዕድሜዋ 10ኛ ዓመት» የሚለውም ዘጠኝ ሞልቷት አሥረኛዋን ይዛለች ማለት ነው። የዓመቱ የመጨረሻ አኃዞች የጎደሉበት ጨርቅ ሲያጋጥም ደግሞ ሥራው ሳያልቅ ቀረ ብሎ መደምደም አይገባም። አንዳንድ ሴቶች ዕድሜያቸው እንዳይታወቅ በኋላ ክሩን ፈትተውታል፤ ብርሃን ከጎን ሲበራበት መርፌው የተወው ቀዳዳ ይታይ ይሆናል።

በተጠለፈው የእንግሊዝኛ ፊደል ተርታ ውስጥ «ጄ» እና «ዩ» አለመኖራቸው የልጅ ስህተት አይደለም፤ በጥንቱ አጻጻፍ «አይ» እና «ቪ» ለእነርሱም ያገለግሉ ነበር።

ግጥሙንና ሥዕሉን የልጅቱ የልብ ቃል አድርጎ መውሰድ ሌላው ስህተት ነው። ንድፉን አብዛኛውን ጊዜ የምትመርጠው መምህርቷ ስለነበረች፣ ከልጅቱ ጠባይ ይልቅ ትምህርት ቤቱን ይናገራል። በ1779 በዮርክሻየር በተከፈተው አክዎርዝና በ1799 በፔንሲልቫኒያ በተከፈተው ዌስትታውን በተባሉት የኩዌከሮች (የአንድ የፕሮቴስታንት ክርስቲያን ማኅበር አባላት) ትምህርት ቤቶች የተሠሩ ጥልፎች በተመሳሳይ ክብና ግማሽ ክብ ንድፎቻቸው ይለያሉ። በአንጻሩ ኤሊዛቤት ፓርከር በ1830 ገደማ በቀይ የሐር ክር የጠለፈችው፣ ዛሬ በዚያው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው ጨርቅ አበባም ጠርዝም የለውም። በአሠሪዋ እጅ የደረሰባትን በደልና ራሷን ለማጥፋት ማሰቧን በጥቃቅን መስቀለኛ ስፌት ትተርካለች፤ ነፍሴ ምን ትሆን ይሆን ብላ ስትጠይቅ ጽሑፉ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቆማል። እንዲህ ያለ በራስ ቃል የተጻፈ ሥራ ብርቅ ነው፤ ስለዚህም ከተለመደው የምግባር ግጥም ጋር ሊደባለቅ አይገባም።

ጨርቁ ከእናት ወደ ልጅ በሴቶች በኩል ሲወረስ የባለቤቶቹ የቤተሰብ ስም በየጋብቻው ይለወጣልና፣ ፍለጋውን በአንድ ስም ብቻ መወሰንም ከንቱ ድካም ነው። በአሜሪካ ከ1850 በፊት የነበረው የሕዝብ ቆጠራ በስም የሚጠራው የቤቱን አባወራ ብቻ በመሆኑ፣ የጋብቻ መዝገብንና ኑዛዜን መመርመር የግድ ይሆናል።

በመጨረሻም ጨርቁን ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ የሐር ክሩ ቀለም ይለቅና ጽሑፉን ያበላሻል። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳም ቀለሙን ይመጥጠዋል፤ ቢጫው ቀድሞ ስለሚጠፋ ዛሬ ሰማያዊ የሚመስል ቅጠል ያኔ አረንጓዴ የነበረ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ክፈፍ የጨርቃ ጨርቅ ጥገና ባለሙያ ሲከፍተው፣ ብርሃን ያልነካው የጀርባው ገጽ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከጀርባው የተለጠፈ ወረቀትም የባለቤቶቹን ስም ይዞ ሊገኝ ስለሚችል አይጣል።