ሊምፎማ የያዘውን ሰው ስናስታምም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሊምፎማ ከሊምፎሳይት የሚነሳ ካንሰር ነው። ሊምፎሳይት ደግሞ ከበሽታ ከሚጠብቁን ነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። ጠባቂው ራሱ ታሟል ማለት ነው። ቤተሰብ ታማሚውን እወዳለሁ እያለ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ይህን ሲዘነጋ ነው።

ትልቁ ስህተት «ነጭ የደም ሴሉ ኖርማል ነው ተብሏል፤ አያሰጋም» ብሎ መዘናጋት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብዛት እንጂ ብርታት አይለካም። ሆጅኪን በሚባለው የሊምፎማ ዓይነት ያበጠው ንፍፊት ውስጥ የካንሰሩ ሴሎች ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ካንሰር ያልሆኑ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ግን ከበው ይቆማሉ እንጂ አይገድሉም። አንዱ ምክንያት የካንሰሩ ሴል ላዩ ላይ የሚያወጣው ፒዲ-ኤል1 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሊገድለው የሚችለውን ሊምፎሳይት፣ ቲ-ሴሉን፣ «ተው» ይለዋል። ድክመቱም እዚያው ንፍፊቱ ላይ አይቀርም። የሆጅኪን ታማሚዎች ለቲቢ ምርመራ ቱበርክሊን የሚባለውን ሲወጉ ሰውነታቸው ምላሽ እንደማይሰጥ ሐኪሟ ዶሮቲ ሪድ ገና በ1902 እ.ኤ.አ. አስተውላለች። ቲቢ በበዛበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ በቱበርክሊን የሚደረገው የቆዳ ምርመራ ነጋቲቭ ስለሆነ ብቻ ቲቢ የለም ማለት አይቻልም።

ትኩሳት ሲመጣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ «እስኪነጋ እንየው» ማለትስ? እባካችሁ አትጠብቁ። ከኬሞ (ካንሰሩን ከሚገድለው መድኃኒት) በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በጣም ይወርዳሉ። መግል የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ ምንም ሳይመግል ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሚታየው ምልክት ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፓራሲታሞሉ እሱንም ይደብቀዋል። ቴርሞሜትሩ 38 ካሳየ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በር ላይ መጀመሪያ የምትናገሩት «ኬሞ ላይ ነው» የሚለውን ይሁን።

አልማዝ ባለጭራ ሲወጣ ቅጠል ቀብቶ መጠበቅም አለ። ይህ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ነው፤ ቲ-ሴሎች ሲደክሙ ይነሳል። ፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ በደንብ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሲጀመር ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት ለጊዜው ይቅሩ። ጉንፋን የያዘው ጠያቂም በስልክ ይጠይቅ።

ኬሞው አለቀ ማለት ደግሞ መከላከያው ተመለሰ ማለት አይደለም። ለአንዳንድ ሊምፎማ የሚሰጠውን ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት የወሰደ ሰው፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ጤነኛ ሊምፎሳይቶቹም (ቢ-ሴሎቹ) አብረው ይጠፋሉ፤ እስኪመለሱ 6 ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ደካማ ምላሽ ነው የሚያገኘው። ሕያው ተሕዋስ ያለበት ክትባት ጭራሽ አይሰጥም። መድኃኒቱ ተኝቶ የነበረውን የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢን፣ ሊቀሰቅስም ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት ምርመራው መሠራቱን ሐኪሙን ጠይቁ።