ከኮምቦልቻ መጋዘን እስከ ተቀባዩ እጅ፦ ጸጥታው ባልጸና መንገድ እርዳታ እንዴት ይደርሳል?

ደሴና ኮምቦልቻ የእርዳታ መተላለፊያ ናቸው። ከጅቡቲ የሚመጣው እህል በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚነሳው በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ በኩል ይደርሳል። ከዚያ ሽቅብ ወደ ደሴ፣ ወደ ሐይቅና ወልድያ፣ ወይም በኩታበር አቅጣጫ ወደ ምዕራቡ ደጋ ይበተናል። የመጠባበቂያ እህል መጋዘኖች ኮምቦልቻ ላይ የተሠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ይህ የጭነት ሥራ ነው። ሰላም ሲጠፋ ግን ሌላ ሥራ ይሆናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ያሉ የእርዳታ መጋዘኖች ሲዘረፉ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኮምቦልቻም በደሴም የምግብ እደላውን አቁሞ ነበር። ከተዘረፈው ውስጥ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የመጣ አልሚ ምግብም ይገኝበታል።

ይህን የምጽፈው ለአዲስ የድርጅት ሠራተኞች፣ ለእድሮች፣ ለወጣት ማኅበራትና የትውልድ ቀያቸውን ለመርዳት ገንዘብ ለሚያዋጡ ሰዎች ነው። ልባቸው ቀና ነው። እህሉን ገዝተው፣ መኪና ተከራይተው፣ «በሉ እንሂድ» ይላሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያልተጨረሰ ጉዳይ መንገድ ላይ አይጨረስም።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

ስንት ሰው? የት ቀበሌ? ለስንት ጊዜ? በአገራችን የተለመደው ወርሃዊ ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለ5,000 ሰው 75 ቶን እህል፣ 7.5 ቶን ጥራጥሬና 2.25 ቶን ዘይት ማለት ነው። ድምሩ 848 ኩንታል ገደማ ይመጣል።

ተሳቢ ያለው ትልቅ መኪና 400 ኩንታል ያህል ይጭናል። ስለዚህ «ሁለት ተሳቢ ይጭነዋል፣ ሳይጫን የሚቀረው 48 ኩንታል ገደማ ብቻ ነው» ሊባል ይችላል። ግን ተሳቢው አስፋልቱ እስኪያልቅ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወዲያ፣ በተለይ በክረምት የደጋ ጭቃ ላይ፣ በአነስተኛ መኪና መገልበጥ ግድ ነው። 100 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ከሆነ ዘጠኝ ጉዞ ነው። ጫኝና አውራጅ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። መገልበጫው ቦታም ጥበቃ ይፈልጋል። በጀቱ ላይ ይህ ካልገባ መሀል መንገድ ላይ እጅ ያጥራል።

ምን እንደሚጫንም አስቡበት። መብራት በጠፋበት ወረዳ ወፍጮ አይሠራም። እዚያ ስንዴ ማድረስ ግማሽ ሥራ ነው። ዱቄት ይሻላል፤ ግን ዱቄት እንደ እህሉ ብዙ አይቆይም፣ እርጥበትም አይችልም። ቶሎ የሚታደል ከሆነ ብቻ ጫኑት። መድኃኒትና ክትባትን ለጤና ቢሮና ለሙያው ባለቤቶች ተዉላቸው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተያዘ ይበላሻል። በጭነት መኪና ሸራ ሥር የሚሄድ ነገር አይደለም።

2. ወረቀቱን አሟሉ

ወረቀት አሰልቺ ነው። ኬላ ላይ ግን ከሰው ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

ድርጅታችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ከሆነ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ኮፒ ያዙ። ያልተመዘገበ ኮሚቴ ከሆናችሁ በራሳችሁ ስም መኪና አታስወጡ። ከተመዘገበ ድርጅት፣ ከቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ወይም ከዞኑ የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ጋር ሆናችሁ ሥሩ። ይህን ስል ለማሰናከል አይደለም። ባለቤቱ የማይታወቅ ጭነት በቀላሉ ይጠረጠራል፣ በቀላሉም ይወሰዳል።

ከዞኑ ለወረዳው የሚጻፈው ደብዳቤ የጭነቱን ዓይነትና መጠን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የጉዞውን ቀኖች፣ የሹፌሩንና የረዳቱን ሙሉ ስም፣ የመኪናውን ታርጋ መያዝ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር አለች። የተጠባባቂ መኪናና የተጠባባቂ ሹፌር ስምም አብሮ ይጻፍ። መኪናው ሐይቅ ላይ ቢበላሽና ጭነቱ ወደ ሌላ ቢገለበጥ፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ታርጋና ፊት ለፊት የቆመው ታርጋ አይገናኙም። ያኔ ፈታሹ «ይህ የማን ነው?» ቢል ትክክል ነው።

ዞኑ ቢሮ ስትሄዱ ሌላም ጥያቄ ጠይቁ፤ ወደዚያ ቀበሌ በዚህ ወር ሌላ ማን እየሄደ ነው? አንዱ ቀበሌ ሁለቴ ሲያገኝ ጎረቤቱ ባዶ ከቀረ እህሉ ራሱ ጠብ ያመጣል።

3. መንገዱን ጠይቁ፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ

ስለ መንገዱ ቢያንስ ከሦስት ከማይገናኙ ሰዎች ስሙ። አንዱ ከወረዳው አስተዳደር ወይም ከጤና ጣቢያው፣ አንዱ ከአገር ሽማግሌ፣ ከሼሁ ወይም ከቄሱ፣ አንዱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከዚያ ከወረደ ሹፌር ይሁን። ሹፌሮችን መናኸሪያ አካባቢ ማግኘት አይከብድም። አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «መንገዱ ሰላም ነው?» ካላችሁት «አብሽር፣ ሰላም ነው» ይላችኋል። ይልቅ «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው? ስንት ሰዓት ላይ አለፍክ? የት የት አስቆሙህ? ሕዝብ ማመላለሻ ይሠራል?» በሉት። ሕዝብ ማመላለሻ የቆመበት መንገድ የእርዳታ መኪና የሚሞከርበት አይደለም።

ሦስቱ የተለያየ ከነገሯችሁ ጉዞው ይቆይ። አንድ ቀን ማዘግየት ያስወቅሳል። ያም ሆኖ ወቀሳን መቻል ይሻላል።

የታጠቁ ወገኖችን ፈቃድ በተመለከተ ግልጽ ልሁን። አነስተኛ ማኅበር በግሉ ከታጣቂ ጋር አይደራደር። ሹፌሩንም ማኅበሩንም ለአደጋ ያጋልጣል። ከሁሉም ወገን ጋር መነጋገር ሥራዬ ብለው የያዙ አሉ፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያም የመተላለፊያ ሁኔታን ይከታተላል። ወደነሱ ሂዱ።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ መርሕ ላይ ነው፤ እርዳታው ወገን የለውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ባጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 46/182 ሰብዓዊነት፣ ገለልተኝነትና አለማዳላት የእርዳታ መሠረት እንዲሆኑ አስቀምጧል። በተግባር ሲተረጎም እንዲህ ነው። የታጠቀ ሰው መኪናው ላይ አይሳፈርም፤ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ «እስከዚያች ድረስ ብቻ አድርሱኝ» ቢልም። መኪናው ላይ የፖለቲካ መፈክርና ባንዲራ አይለጠፍም። ሹፌሩ በስልኩ የሰልፍና የጦርነት ቪዲዮ ይዞ አይሂድ።

4. መኪናና ሹፌር

ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪ፣ ሁለት ቅያሪ ጎማ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ባይሞላም 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ክረምት ላይ ጉሙ ዓይን ይይዛል። ሲመለሱ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አይወረድም። ናፍጣ ከመነሻው ይሞላ። በጀሪካን ተጭኖ የሚሄድ ናፍጣ ኬላ ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

ኢንሹራንሱን አንብቡ። ብዙ ውሎች በጦርነት የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑም። ሹፌሩ ይህን ሳያውቅ አይነሳ። «አልሄድም» ካለም ያለ ወቀሳና ያለ ቅጣት ይቀበሉት። ነፍሱን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው።

5. አጫጫን

መጋዘን ውስጥ የምታጠፉት አንድ ሰዓት ወረዳ ላይ የአንድ ቀን ጭቅጭቅ ያስቀራል። ሁለት ቆጣሪ ይቁም፤ አንዱ ከመጋዘኑ፣ አንዱ ከእናንተ። ጫኞቹ ጆንያ ይዘው ባለፉ ቁጥር ሁለቱም በየደብተራቸው አንድ አንድ ጭረት ይሰምራሉ፤ አራት ቀጥ ያለ፣ አምስተኛው አግድም። አምሳ ሲሞላ ይቆማል፤ ሁለቱ ደብተር ይመሳከራል፤ ካልገጠመ ያችን አምሳ ብቻ እንደገና መቁጠር ነው። መጨረሻ ላይ ከሚገኝ ልዩነት ይልቅ አምሳዋ ላይ የተገኘው በጣም ይቀላል።

ከየድርድሩ ጥቂት ጆንያ እያወጣችሁ መዝኑ። የተቀደደ ጆንያ ተሰፍቶ ለብቻው ይጻፍ። ከመጋዘን ውስጥ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ዘይት ከእህል በላይ አይጫን፤ አንድ ጀሪካን ቢፈስ ሥሩ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ሸራው ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይልበስ፣ ገመዱ ይጥበቅ።

ከዚያ ሰነዱ። የመንግሥት መጋዘን ከሆነ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ተቀባዩ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል። ድርጅቶች ዌይቢል (የጭነት ማስረጃ ሰነድ) ይጠቀማሉ። የትኛውም ቢሆን ሹፌሩ ጋ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱን ኬላ ላይ ቢይዙበት ሁለት ይተርፈዋል። ዋናው ከጭነቱ ጋር አይሂድ።

6. መንገድ ላይ

ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ቢዘገይ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ግቢ ውስጥ መቆም አለበት። ማታ አይነዳም፤ ሰዓት እላፊ ባይኖርም አይነዳም።

የስልክ መደወያ ቦታዎችን ቀድማችሁ ወስኑ። ወደ ሰሜን ከሆነ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ። ከእያንዳንዱ ሹፌሩ «ደርሻለሁ» ይላል። ደሴ ላይ አንድ ሰው ይህን ብቻ ሥራው አድርጎ ይቀመጥ። ኔትወርክ ከጠፋ ምን እንደሚደረግ ከመነሳቱ በፊት ይወሰን፤ ከተባለው ሰዓት ይህን ያህል ካለፈ ማን ለማን ይደውላል? ሳተላይት ስልክና የመገናኛ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ አትያዙ። ኬላ ላይ በሱ ሰበብ የሚመጣው ጣጣ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ኬላ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል፣ መስኮት ይወርዳል፣ መነጽር ይወልቃል፣ እጅ ይታያል። ስልክ አይነሳም፣ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። «እንደምን አደራችሁ ወንድሞቼ። የእርዳታ እህል ነው የጫንነው። ሰነዱ ይኸው።» ይህ ይበቃል። ያልተጠየቁትን አያብራሩ። ፈታሹ ሸራ ግለጡ ካለ ይገለጣል።

ጭነቱን አውርዱ ብለው ካስገደዷችሁ አውርዱ። አትከራከሩ፣ አትሩጡ። እህል ይተካል። ለሹፌሩና ለረዳቱ ይህን ከመነሳታቸው በፊት በቃልም በጽሑፍም ንገሯቸው፤ ጭነቱን በማጣታቸው እንደማይጠየቁ ይወቁ። ሳያውቁት ከሄዱ «ንብረቱን ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ» ብለው ይታገላሉ።

7. እደላው

ቦታው ከጦር ካምፕ የራቀ፣ ሰፊ፣ መግቢያና መውጫው የተለየ ይሁን። የገበያ ቀንን፣ የጁምዓን ሰዓትና በዓላትን ዝለሉ። ጠዋት ተጀምሮ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ መድረስ አለበት፤ እህል ተሸክሞ ማታ የሚሄድ ሰው የዘራፊ ሲሳይ ይሆናል።

የአምስት ሰው ቤተሰብ 75 ኪሎ እህል ይደርሰዋል። ጆንያው ግን 50 ኪሎ ነው። ሜዳ ላይ በጣሳ መስፈር ሰዓት ይፈጃል፣ ይደፋል፣ ያጣላል። ሁለት ባለ አምስት ቤተሰብ ካጣመራችሁ 150 ኪሎ፣ ማለትም ልክ ሦስት ጆንያ ይሆናል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከሆኑ አህያም ይጋራሉ፣ ሦስተኛውንም ጆንያ ቤታቸው ይካፈሉታል። ይህን የማጣመር ሥራ ከቀበሌው ጋር ከቀናት በፊት ጨርሱት።

ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ያግኙ። ራሽኑ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉም ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሰው የሚገባውን ካወቀ ማጉደል ይከብዳል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ የተቋረጠው እህሉ ለታለመለት ሰው ሳይደርስ ወደ ሌላ እየሄደ ነው ተብሎ ነበር፤ ጦሙን ያደረው ግን ምንም ያላጠፋው ተቀባይ ነው። ስለዚህ ከሠልፉ ራቅ ብሎ የአቤቱታ ጠረጴዛ ይኑር። ቢቻል ሴት ትቀመጥበት። ስሙ ከዝርዝር የጠፋ ሰው መጥቶ ሲናገር ይጻፍለት፤ «ቀበሌ ጠይቅ» ተብሎ አይሸኝ።

8. መዝጋት

መኪናው ሲመለስ የተፈረመው ሞዴል 19 ወይም ዌይቢል ከመጋዘኑ ወጪ ጋር ይመሳከር። የጎደለ፣ የተቀደደ፣ የተወሰደ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሹፌሩን አስቀምጣችሁ ስለ መንገዱ ጠይቁት፤ የት ቆመ፣ ማን ምን አለው፣ የትኛው ድልድይ አስፈራው። የሱ መረጃ ነገ ለሚሄደው ነው። ሂሳቡን ሳታጓትቱ ክፈሉት።

የአቤቱታ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ደውሉ፤ የሚቀጥለው ዙር ዝርዝር ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚታዩት በዚህ ዙር ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ይሁኑ።